ቀስ ብላ የምትደርስ

ረምላ፣ ስሚኝማ፤ ይቺን ጠርሙስ ያዢያት፣
እንደ ዑዱ ሽቶ በሰው ፊት አትርጪያት።
ዑድ ምን ሐፍረት አለው? ከሰው ቀድሞ ይገባል፣
ሳሎን የተቀመጠን «ማን መጣ?» ያሰኛል፣
ባለቤቱ ወርዶ ሊፍት ውስጥ ይከርማል።
ጽጌረዳዋ እንኳን በዚህ በሳልሚያ
ድምጿን ከፍ አድርጋ ትጣራለች ገበያ።

ይቺ ግን ሌላ ናት።
ሐር አይደለችም፣ ጥጥ፤ ጥጥም ሳትሆን ብናኙ።
ገርበብ ያለ በር ናት፤
ሕፃን አስተኝታ በጣቶቿ ጫፍ የምትወጣ እናት።
አበባ አላት፣ አዎ፣ ሐምራዊ ዓይነት ነገር፣
ግን ዱቄት ለብሶ ነው፣ አይታይም ከሩቅ አገር።

ቢጁ ሲያስረዳኝ ከአበባው አይደለም፣
ከሥሩ ነው አለ፤
ተቆፍሮ፣ ተልጦ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ
ጨለማ ቤት ደርቆ ነው ሽታ ያበቀለ።
ሦስት ዓመት!
የኛ እንኳ ኮንትራት ሁለት ነው፣ አልኩት።

ስትነካሽ መጀመሪያ ምንም የለም ትያለሽ፣
«ውሃ ነው እንዴ?» ብለሽ ጠርሙሱን ታያለሽ።
ቆይተሽ፣ ረስተሻት፣ ደረሰኝ ስትቆርጪ፣
አንጓሽ ላይ አንድ ሰው «አለሁ» ይላል፤ አትደንግጪ።

ሙዲሩ አይወዳትም፤ «ሰነፍ» ነው የሚላት፣
ቀይ ወረቀት ለጥፎ በግማሽ ቀነሳት፣
ከታች መደርደሪያ፣ ከሳሙናው ኋላ ወስዶ ሸጎጣት።

ባለፈው የጦዝ ቀን፣ አንቺ ሳትመጪ በፊት፣
ሰማይ ወፍጮ ቤት ሆኖ በረሃውን ሲፈጭ፣
በየመስታወቱ ዱቄቱ ሲረጭ፣
ከባሕሩ ዳርቻ እስከኛ ደጃፍ ድረስ
ድመት እንኳ ጠፍቶ፣
አንዲት አሮጊት መጡ፣ ኡም ሱዑድ የሚባሉ፣
ለዒድ፣ ለሰርግ፣ ዑድ ሲገዙ «ቀንሱ» የማይሉ።
«የማይናገር ሽቶ አለሽ ወይ?» አሉኝ ቆመው፣
በሽፋሽፍታቸው አሸዋ ተሸክመው።

የሳቅሁ መሰለኝ።
ጎንበስ ብዬ ይቺን ከታች አወጣኋት፣
ግራ እጃቸው ላይ አንዴ ብቻ ረጨኋት።
አሸተቱ። ጠበቁ። ደግመው አሸተቱ።
«ውሃ ነው፣ ልጄ» አሉና በሩን ገፉ፣
አቧራው ውስጥ ጠፉ።

አንድ ሰዓት አለፈ፣ ምናልባት ከዚያ በላይ።
በሩ ሲከፈት፣ እጃቸው አፍንጫቸው ላይ፣
ጭምብሉ ተገፎ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ፣
«ደረሰች» አሉኝ፤ እንደ ምስጢር፣ በቀስታ።

ማን እንደ ደረሰች አልጠየቅኋቸውም።
እንዲህ ያለው ነገር ባንኮኒ ላይ አይጠየቅም።
«ልጠቅልልልዎት?» አልኩ።
ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «የለም፣ የለም» አሉ፣
ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፦
«ይሄኛውም ይጠብቃት።»

ረጨሁላቸው። ወንበር ሳብኩላቸው።
ሙዲሩ አልነበረም፣ ደግነቱ።
ውጭ አቧራ፣ ውስጥ ዱቄት፣
መሐላቸው መስታወቱ፤
ሁለት እጅ ጉልበት ላይ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ላይ፣
ዱዓ የሚያደርጉ ይመስሉ ነበር፣ ላይ ላዩን ለሚያይ።
ሻይ እንኳ አላሉም።
ሲሄዱ ደኅና ዋይም አላሉኝም።

ማታ መስታወት ስወለውል ጣቴ ላይ የቀረው
የበረሃው ይሁን የሷ፣ መለየት አቃተኝ።
አውቶቡስ ያዝኩ ወደ ኸይጣን
(የሰፈር ስም ነው፤ በስሙ አትሳቂ)፣
አጠገቤ አንድ ግንበኛ ተቀምጦ፣
ሲሚንቶ ቅንድቡ ላይ፣ ሲሚንቶ ጆሮው ውስጥ፣
እንቅልፍ ሲወስደው ጊዜ
ጭንቅላቱ ቀስ እያለ ወደ እጄ ዘመመ።
ተውኩት።
እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ክንዴን አላነሳሁም።

እና ረምላ፣ ደንበኛ ሲመጣ አታሞግሻት፣
«ውስጧ ምን ምን አለ?» ቢሉሽም አታብራሪ።
አንዴ ብቻ ረጭተሽ ስለ ሙቀቱ አውሪ።
ቀዩን ወረቀት የላጥሁት እኔ ነኝ፤
ለሙዲሩ አትንገሪ።